ቤዝ ከአምፕሊፋየር አይገዛም

ፕላነር ሄድፎን የገዛ ወጣት «ቤዙ ሳሳብኝ» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ በከተማችን አንድ ዓይነት ሆኗል፤ «አምፕሊፋየርህ ደካማ ነው፣ ከፍ ያለ ግዛ»። ሻጩም፣ ጓደኛውም፣ ስቱዲዮ የሚውለውም ልጅ ይህንኑ ይደግሙለታል። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ መዝሙርና የባህል ሙዚቃ ሚክስ እያደረግሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። ይህ ምክር ስንት ልጆችን ያለ አቅማቸው ዶላር ፍለጋ እንዳስሮጠ፣ ስንቱንም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ እንዳስጠበቀ በቅርብ አያለሁ። ምክሩ ልክ አይደለም፤ ለምን ልክ እንዳልሆነ ማንም በካልኩሌተር ሊያረጋግጠው ይችላል። ዝም ብሎ ማለፉ ስለከበደኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

መጀመሪያ ዕቃውን ላስተዋውቅ። በተለመደው ሄድፎን ውስጥ ያለው ትንሽ ስፒከር ነው። ከሽፋኑ ጀርባ የሽቦ ጥቅል አለው፤ ጥቅሉ በማግኔት መካከል ሲንቀሳቀስ ሽፋኑን መሐሉ ላይ ይዞ ይገፋዋል። ፕላነር የሚባለው ግን ጥቅል የለውም። እጅግ ስስ በሆነ የፕላስቲክ ሽፋን ላይ ኮረንት የሚያስተላልፍ መስመር ይታተምበትና በተደረደሩ ማግኔቶች ፊት ይወጠራል። ኮረንት ሲያልፍበት ሽፋኑ ከዳር እስከ ዳር አንድ ላይ ይንቀሳቀሳል። ሐሳቡ የዛሬ አይደለም፤ ያማሃ ጣሊያናዊው ማሪዮ ቤሊኒ ቅርጹን ያወጣለትን ኤችፒ-1 የተባለ ሄድፎን በዚሁ ዘዴ ሠርቶ ገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። አሁን በእጃችን የሚገቡት በአብዛኛው የሃይፋይማን፣ የኦዴዚና የፎስቴክስ ሥራዎች ናቸው። ብዙዎቹ ጀርባቸው ክፍት ስለሆነ የሚያዳምጡት ሁሉ አጠገብዎ ላለው ሰውም ይሰማል። ለታክሲ አይሆኑም፤ ሕፃን በተኛበት ክፍልም አይሆኑም። ቤት ተዘግቶ፣ ጸጥ ሲል የሚደመጥባቸው ናቸው።

ቤዛቸው ረጅም ነው እንጂ ወፍራም አይደለም። ልዩነቱን ያልተረዳ ሰው ገዝቶ ያዝናል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በጣት ሳይያዝ ሲመታ 41 ኸርዝ አካባቢ ይጮኻል። ብዙ ስቱዲዮ የሚወደውን ሰንሃይዘር ኤችዲ 600 የመሰለ ጀርባ ክፍት ሄድፎን ከ100 ኸርዝ በታች ሲኬድ ድምፁ ቁልቁል እየወረደ ይሄዳል። ጥሩ ፕላነር ግን 41ን አልፎ ወደ 30 ኸርዝ ሲወርድም አይደክምም። ጩኸቱን ግን አያበዛውም፤ ቀጥ ብሎ ይዘልቃል። ገበያው ላይ ያሉት ቤዛቸው ሆን ተብሎ የተነፋ ሄድፎኖች ጆሮውን ያስለመዱት ሰው ይህን ቀጥ ያለ ቤዝ ሲሰማ የጎደለ ይመስለዋል። ከዚያ ወደ አምፕሊፋየር ሻጭ ይሄዳል።

«አምፑን ቀየርኩ፣ ቤዙ መጣ» የሚሉ ሰዎች ግን አይዋሹም፤ በእርግጥ ሰምተዋል። የሰሙበትን ምክንያት ሃርቪ ፍሌቸርና ዊልደን መንሰን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 አሳይተውታል። የሰው ጆሮ ዝቅ ባለ ድምፅ ላይ ለቤዝ ደንዛዛ ነው፤ ድምፁ ከፍ ሲል ቤዙ ከሌላው በላይ እየጎላ ይመጣል። አዲሱ አምፕሊፋየር ቁልፉ ትንሽ ሲነካ ብዙ የሚጮህ ከሆነ ሰውየው ሳያውቀው ሦስትና አራት ዴሲቤል ከፍ አድርጎ እያዳመጠ ነው። ቤዙን ያመጣለት የድምፁ ከፍታ ነው። ያንኑ ከፍታ በድሮው አምፕሊፋየሩ ላይ ቢሰጠው ቤዙ እዚያም ነበረ።

ይህን ለማረጋገጥ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ኪስ ውስጥ የምትገኝ መልቲሜትር ትበቃለች። እኔ ዘንድ የሚደረገው እንዲህ ነው። የ60 ኸርዝ ድምፅ አጫውታለሁ፤ ርካሽ መልቲሜትር ከዚያ በጣም ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ላይ ንባቡ ስለማይታመን ነው 60ን የምመርጠው። ሄድፎኑ እንደተሰካ በገመዱ ጫፍ ላይ ያለውን ቮልት እለካለሁ፤ ሁለቱም አምፕሊፋየሮች እስከ ሁለተኛው የነጥብ ቤት ድረስ አንድ ቁጥር እስኪያሳዩ አስተካክላለሁ። ከዚያ አዳማጩ የትኛው እንደተሰካ ሳያይ አቀያይራለሁ። አንድ የማከብረው አቀናባሪ ከጠረጴዛ ላይ የማይነሳ ከባድ አምፕሊፋየሩን ይዞ መጥቶ ስልክ ላይ ከምትሰካ፣ ከአውራ ጣት ከምታንስ ዶንግል ጋር በዚህ መንገድ አወዳደርነው። ሄድፎኑ የሃይፋይማን ኤችኢ400ኤስኢ ነበር። ስንጀምር ልዩነቱን በአንድ የከበሮ ምት እለየዋለሁ ብሎ ነበር። ስንጨርስ ዶንግሏን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ እያገላበጠ ሲያያት ቆየና ዋጋዋን ጠየቀኝ።

እምነቱ ሙሉ በሙሉ ከባዶ ሜዳ የመጣም አይደለም፤ ለሌላ ዓይነት ሄድፎን እውነት የነበረ ነገር ነው ወደ ፕላነር የተጎተተው። ጥቅል ሽቦ ያለው ሄድፎን ለኮረንት ያለው ተቃውሞ በሁሉም ድምፅ ላይ እኩል አይደለም። ኤችዲ 600 ሳጥኑ ላይ 300 ኦህም ይባላል፤ 100 ኸርዝ አካባቢ ግን ከ500 ያልፋል። እንዲህ ያለውን ሄድፎን የራሱ የውስጥ ተቃውሞ ከፍ ያለ፣ 120 ኦህም የሆነ አምፕሊፋየር ላይ ቢሰኩት እዚያ ጉብታው ላይ የሚደርሰው ቮልቴጅ ከሌላው ይበልጣል፤ ቤዙም በአንድ ዴሲቤል ገደማ ይነሳል። የአምፖል አምፕሊፋየር የሚወዱ ሰዎች «ሞቅ ይላል» የሚሉት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የፕላነር ተቃውሞ ግን ከላይ እስከ ታች ሜዳ ነው። ሰንዳራ የተባለው ሄድፎን 37 ኦህም ነው፤ በ30 ኸርዝም ሆነ በ3000 ኸርዝ ያው ነው። በዚያው 120 ኦህም አምፕሊፋየር ላይ ሲሰካ የሚደርሰው ቮልቴጅ ወደ ሩብ ይወርድና ድምፁ በጠቅላላው ያንሳል፤ ቤዙ ከቀጭኑ ድምፅ ጋር ያለው ሚዛን ግን ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ለፕላነር «ቤዝ ያለው አምፕ» ብሎ መፈለግ የሌለ ነገር መፈለግ ነው።

ታዲያ ምን ያህል ጉልበት ይፈልጋል? ይህን ጥያቄ ሻጮች በስሜት ይመልሱታል፤ መልሱ ግን ቁጥር ነው። የሙዚቃው ከፍተኛ ምት 110 ዴሲቤል እንዲደርስ እንፈልግ፤ ይህ ለአፍታም ቢሆን በጣም ኃይለኛ ድምፅ ነው። (የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት 40 ሰዓት ከሆነ 80 ዴሲቤል መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ላስታውስ፤ የምናወራበት ጆሮ መለዋወጫ የለውም።) ሰንዳራ ባንድ ሚሊዋት 94 ዴሲቤል ይሰጣል ከተባለ 110 ለመድረስ 40 ሚሊዋት ይበቃዋል፤ ይህም 1.2 ቮልትና 33 ሚሊአምፔር ነው። ኤችኢ400ኤስኢ 91 ዴሲቤልና 25 ኦህም ነው፤ 79 ሚሊዋት ይፈልጋል፤ 1.4 ቮልትና 56 ሚሊአምፔር ማለት ነው። ዛሬ ስልክ ላይ የሚሰኩ ብዙ ዶንግሎች 2 ቮልት ይሰጣሉ። ፕላነር የሚጠይቀው ትንሽ ቮልት ሆኖ ጠንከር ያለ ኮረንት ስለሆነ፣ ሲገዙ በ300 ኦህም ላይ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር ትተው በ32 ኦህም ላይ ስንት ሚሊዋት እንደሚሰጥ ይዩ። ይህን ቁጥር ያልጻፈ ካርቶን ወደ መደርደሪያው ይመለስ።

በእርግጥ ጉልበት የሚበሉ አሉ። የሃይፋይማኑ ኤችኢ-6 83.5 ዴሲቤልና 50 ኦህም ነው፤ ለዚያው 110 ወደ ግማሽ ዋት ይጠጋል፤ 4.7 ቮልት ማለት ነው። የዚያው ኩባንያ ሱስቫራ የተባለው ሄድፎንም እዚያው ነው። እነዚህን የያዘ ሰው ጠንካራ አምፕሊፋየር ይግዛ፣ አልከራከረውም። የሚያናድደኝ የእነዚህ የጥቂቶቹ ታሪክ ተወስዶ 150 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ሄድፎን ለገዛ ተማሪ ሕግ ሆኖ መነገሩ ነው።

ቤዙ የጠፋበትን እውነተኛውን ቦታ ላሳይ። ጀርባው ክፍት በሆነ ሄድፎን ውስጥ ሽፋኑ ወደ ጆሮ ሲገፋ በጀርባው በኩል ደግሞ ተቃራኒውን ድምፅ ወደ ውጭ ይለቃል። በፊትና በጀርባ መካከል የቆመው ጆሮን የሚከብበው ትራስ ብቻ ነው። ትራሱ ከቆዳ ጋር በደንብ ካልገጠመ ሁለቱ ድምፆች በክፍተቱ ይገናኙና ይጠፋፋሉ። የሚጠፋፋው ደግሞ መጀመሪያ ቤዙ ነው። የመነጽር እጀታ ይበቃል። ያረጀና የተሰነጣጠቀ ትራስ ይበቃል።

አንዲት ዘማሪት የሠራሁላትን ለመስማት መጣች። ለበዓል የተሠራች አዲስ ሹሩባ ነበራት፤ በላዩ ነጠላዋን ተከናንባ ሄድፎኑን ከነጠላው ላይ አደረገችው። ጥቂት ሰምታ «ከበሮው ምነው እንዲህ ቆርቆሮ ሆነ?» አለችኝ። አነጋገሯ ትክክል ነበር፤ እሷ ጋ የደረሰው ከበሮ የቆዳው ጫፍ ጠቅ ጠቅ ሲል ብቻ ነው፤ የሆዱ ድምፅ የለም። እስክሪኑ ላይ አንድ ነገር አልነካሁም። ነጠላውን ወደ ኋላ መለስ እንድታደርገው፣ ከጆሮዋ በታች ያለውን ጉንጉን በጣቷ ወደ ላይ እንድትገፋው፣ ከዚያ ሁለቱን ክፈፎች በመዳፏ ቀስ አድርጋ እንድትጫን ነገርኳት። ከበሮው ሲገባ ዓይኗ ፈጠጠ። ከዚያ በኋላ ለሴቶች ሳሰማ መጀመሪያ የማስተካክለው የራስ መያዣውን ቁመት ነው፤ ዝቅ ሲል የትራሱ የታችኛው ጠርዝ ከጉንጉኑ ሥር ያርፋል። የማጉያውን ቁልፍ የምነካው ከዚያ በኋላ ነው። አንባቢም ቤቱ ሊሞክረው ይችላል፤ የ30 ኸርዝ ድምፅ እያጫወቱ በአንድ ጣት የትራሱን ጠርዝ ከጉንጭዎ ትንሽ ያንሱት። ድምፁ ወዲያው ይሳሳል። ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣ አምፕሊፋየር በየትኛውም ዋጋ አይሸጥም። አዲስ ትራስ ግን ከአምፕሊፋየር ዋጋ ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ሻንጣ ውስጥም ቦታ አይፈጅም።

ትራሱ ገጥሞም ቤዝ ይጨመርልኝ የሚል ሰው አለ። መብቱ ነው፤ ምርምሩም ይደግፈዋል። ሾን ኦሊቭና ቶድ ዌልቲ በሃርማን ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምረው ባወጧቸው ጥናቶች ብዙው አድማጭ ከ100 ኸርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ ጀምሮ ወደ ታች ከፍ ያለ ቤዝ እንደሚመርጥ አሳይተዋል። ይህን ጭማሪ የሚሰጠው ኢኳላይዘር ነው፤ እሱም በነፃ ይገኛል። ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ኢኳላይዘር ኤፒኦ፣ አንድሮይድ ስልክ ላይ ዌቭሌት አለ። ሎው ሼልፍ የሚባለው ካለው በ105 ኸርዝ ላይ ይምረጡትና ከ4 እስከ 6 ዴሲቤል ይስጡት። ከዚያ አጠቃላይ መጠኑን በጨመሩት ዴሲቤል ልክ ይቀንሱ፤ አለበለዚያ ዲጂታል ድምፁ ጣሪያ ይነካና ይሰነጠቃል። ብዙ ሰው ይህችን ሁለተኛዋን እርምጃ ይዘልና «ኢኳላይዘር ድምፅ ያበላሻል» ብሎ ይደመድማል። ፕላነር ይህን ጭማሪ ሳይንተፋተፍ ይሸከማል፤ በዚህ ነው ከልቤ የምወደው። ብዙ ጥቅል ሽቦ ያላቸው ክፍት ሄድፎኖች ላይ በ30 ኸርዝ ስድስት ዴሲቤል ቢጨምሩ የሚሰሙት ቤዙን ሳይሆን ጭንቀቱን ነው።

አምፕሊፋየር ዋጋ የሚያወጣውም እዚህ ነው። ስድስት ዴሲቤል መጨመር ማለት በዚያ ድምፅ ላይ አራት እጥፍ ጉልበት ነው። ቅድም 79 ሚሊዋት ያልኩት ኤችኢ400ኤስኢ በከፍተኛው ምት ላይ ወደ 316 ይዘላል። በመጠኑ ለሚያዳምጥ ሰው ዶንግሏ አሁንም ትበቃለች፤ ከፍ አድርጎ ለሚሰማ ግን አትበቃም። ያኔ በ32 ኦህም አንድ ዋት የሚሰጥ፣ ዋጋውም ገበያ ላይ ሲወጣ 100 ዶላር አካባቢ የነበረ፣ እንደ ጄዲኤስ ላብስ አተም ያለ አምፕሊፋየር መጨረሻው ነው። ከዚያ በላይ የሚወጣው ገንዘብ የሚገዛው ሣጥን፣ መልክና ቁልፍ ነው። በዚህ ላይ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ከስልክ ባትሪ የምትሠራ ዶንግል ያላት ጥቅም አለ፤ እኔ ሠፈር መብራት ሄዶ ማዳመጤን የማላቋርጠው በእሷ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ቤዙ ቀረጻው ውስጥ መኖር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ እሸቴ አምሐ ሪከርድስን ሲጀምር የነበሩት ትንንሽ ሸክላዎች ላይ ቤዝ እንደልብ አይቀረጽም ነበር፤ ወፍራም ድምፅ ሰፊ ቦይ ስለሚፈልግ ቦታ ይፈጃል፣ መርፌም ያስዘልላል። ስለዚህ የዚያን ዘመን ሥራ በፕላነር እየሰማ «ቤዝ የለውም» የሚል ሰው ሄድፎኑን ይበድላል። የሙላቱ አስታጥቄን እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዮርክ ውስጥ የተሠራ አልበም ያድምጥ፤ ቤዝ ጊታሩ የት እንደሚቆም፣ እያንዳንዱ ክር መቼ እንደሚነካና መቼ እንደሚታፈን ይለያል።

በገና ደግሞ ለብቻው ፈተና ነው። አሥሩ አውታሮች ላይ እንዚራ የሚባለው ቁራጭ ቆዳ እየነካ የሚያመጣው መንዘር በላይኛው ድምፅ የተሞላ ነው፤ ጆሯችን ያንን የላይኛውን ሰምቶ የታችኛውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። በዐቢይ ጾም በትንሽ ሬዲዮ የሚሰማ በገና ስፒከሩ ሊያወጣው የማይችለውን ወፍራም ድምፅ ያሰማን የሚመስለን ለዚህ ነው። የዓለሙ አጋን ቀረጻ፣ ኢትዮፒክስ የተባለው ተከታታይ 11ኛ ክፍል ሆኖ የወጣውን፣ በደንብ በገጠመ ፕላነር ስሰማ ግን ጆሮዬ የሚፈጥረው ነገር የለም፤ ወፍራሙ አውታር ሲመታና መንዘሩ ሲነሳ ለየብቻ ይመጣሉ፤ መንዘሩ ሲያበቃም መሠረቱ ትንሽ ይቆያል።

ዛሬ በየስቱዲዮው የምንሠራው መዝሙር ላይ ይህን መሠረት አጣለሁ። ሚክሱ ቤዛቸው በተነፋ ሄድፎኖች ይሠራል፤ ሠሪው ቤዝ የበዛ ስለሚመስለው ይቀንሰዋል፤ ሥራው ሲወጣ በሌላው ሁሉ ላይ ቀጭን ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ ከበሮ ሲቀርጽ ማይክራፎኑ ላይ ያለውን 80 ኸርዝ አካባቢ የሚቆርጥ ማጣሪያ በልማድ ያበራዋል፤ የመኪናና የጄኔሬተር ጩኸት እንዳይገባበት ነው። ሥጋቱ ይገባኛል። ግን ጄኔሬተሩ በማይሠራበት ሰዓት፣ ማጣሪያው ጠፍቶ አንድ ጊዜ ቀርጻችሁ፣ ትራሱ ገጥሞ አዳምጡት። ከበሮው ትልቁ ፊት ሲመታ ከ80 በታች ያለውን ከሰማችሁ በኋላ መቁረጥም አለመቁረጥም የእናንተ ውሳኔ ይሁን፤ ተቆርጦ ከመጣልኝ ፋይል ላይ ግን እኔ ምንም ማምጣት አልችልም።